የድልድዩ ሃምሳ አለቃ

«ምን ይወድ ነበር?» አለች አልቃሿ።

ድንኳን ሙሉ ሰው ተቀምጦ አንድም የመለሰላት የለም።

አገርነሽ ከሰባታሚት ድረስ በነሐሴ ጭቃ በእግሯ የመጣች ናት። ነጠላዋን ጨምቃ ጨምቃ መልሳ ተከናንባዋለች፣ ከጫፉ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። እሷ ደግሞ ዝም ብላ ሙሾ አታወርድም፣ መጀመሪያ ትጠይቃለች። ገበሬ ከሞተ የበሬዎቹን ስም፣ ቄስ ከሞተ የት ደብር እንዳገለገለ፣ ነጋዴ ከሞተ የበቅሎውን መልክ። ጠይቃ ጠይቃ ስታበቃ ነው አፏን የምትከፍተው፣ ያኔ ድንጋይም ቢሆን ያለቅሳል ይላሉ። አሁንም የጠየቀችው ከባድ ነገር አልነበረም እኮ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምን ይወድ ነበር፣ በቃ፣ ይኸው ነው።

የሟቹ ታናሽ እህት አደይ መልሱን ታውቀዋለች። የቡና ስኒ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማለች። እናቷ እናትዓለምም ታውቀዋለች፣ ግን አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትከተላለች። አባቷ አዘዘም ያውቀዋል፣ እሱ እንዲያውም ብድግ ብሎ የድንኳኑን ገመድ ሊያጠብቅ ወጣ። ገመዱ ደህና ነበር።

ከጥግ ጎረቤታቸው የብርጓል ጉሮሮዋን ጠረገችና «ትምህርት ይወድ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» አለች።

ሣህሉ! ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረው፣ የሒሳብ መምህሩን መንገድ ላይ ሲያይ አጥር የሚዘለው ሣህሉ። አደይ ሳቋ መጣባት፣ እዚያው በወንድሟ ለቅሶ ላይ፣ ከንፈሯን ብትነክስም አልመለስ አላት፣ ስኒዎቹ ትሪው ላይ ተንቀጫቀጩ። ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ተለወጠና ለቅሶ ሆኖ ወጣ፣ ሴቶቹም «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» እያሉ ትሪውን ተቀበሏት።

አገርነሽ የሰጧትን ይዛ ጀመረች፣ ምን ታድርግ።

«ደብተሩ ተገልጦ፣ እርሳሱም ተቀርጾ፣
ተማሪው የት ሄደ ወንበሩን ገልብጦ?»

ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ደረት ተመታ። ለቅሶው ደህና ነበር፣ ማለት እንደ ለቅሶ ደህና ነበር፣ ግን አደይን የሌላ ሰው ልጅ የሚለቀስ መሰላት።

ሬሳ የለማ። ሣህሉ የሞተው ሰሜን ነው፣ ጦር ሜዳ፣ የት እንደተቀበረ እንኳን የሚያውቅ የለም። ሰው ርቆ ሲሞት ደግሞ ዕቃው ነው የሚለቀሰው፤ ልብሱ መደብ ላይ ይዘረጋል፣ በሕይወቱ ከእጁ የማይለየው ነገር ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃው፣ መቋሚያ ያለው መቋሚያው። የሣህሉ መደብ ላይ ያለው ክርኑ የተቀደደ ሹራብ፣ የጂኦግራፊ ደብተር፣ አንድ ጥንድ በረባሶ ነው። ፎቶ እንኳን የለውም። አምና ለቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ሊነሣ ተለባብሶ ሄዶ «ገና ነህ፣ አሥራ ስምንት ሲሞላህ ና» ብለው መለሱት።

ከእጁ የማይለየው ነገርማ ነበረው። ቀበሌ ነው ያለው፣ የሊቀመንበሩ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

መጫወቻ ናት፤ የመጣችው መስከረም ላይ ነው፣ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ሲገባ። እናትዓለም የሩሲያ መምህራን ግቢ ልብስ ታጥብ ነበር፤ አንዷ ማዳም አገሯ ልትገባ ዕቃዋን ስትሸክፍ አንድ ሰማያዊ ሳፋ፣ ግማሽ ጣሳ ስኳር፣ ከልጇ የተረፈች አንዲት መጫወቻ ሰጠቻት። ስኳሩ በሳምንቱ አለቀ። መጫወቻዋ ግን፣ ወይኔ መጫወቻዋ! መዳፍ ታክላለች፣ መስታወት አላት፣ በግራና በቀኝ ቁልፍ፣ መካከሏ ላይ ቀይ ቁልፍ። መስታወቱ ውስጥ ድልድይ አለ፣ ድልድዩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጉንዳን የሚያህል ጥቁር ሰውዬ። ከላይ በጃንጥላ ወታደሮች ይወርዱበታል፣ እሱ ይተኩሳል፣ ቲት ቲት ቲት ትላለች፣ የተመታው ይጠፋል። አንዱ ካመለጠው ግን ሰውዬው ራሱ ይመታል፣ ይንበረከካል። ሦስት ጊዜ ከተመታ ይወድቃል፣ አጭር ዘፈን ትዘፍናለች፣ አለቀ። ቀዩን ሲጫኑት ይነሣል፣ ደግሞ እንደ አዲስ።

ወሬዋ ፋሲሎ ሰፈር ድረስ ሄደ። የራሳቸው ሰፈር የግሽ አባይ ልጅ ሁሉ አጥራቸው ሥር ይሰለፍ ጀመር። ሰውዬውን «ሃምሳ አለቃ» አሉት፤ ድልድዩን ደግሞ የዓባይ ድልድይ ነው አሉ፣ እሱም ላይ ጠባቂ ወታደር አለ፣ ቆም ብለህ ካየኸው የሚገላምጥ። ከሁሉም የሚበልጠው ሣህሉ ነበር። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ ጠርተውት የማይሰማ፣ እንጀራ ቀርቦለት የማያይ። አንድ ቀን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገባለት። መጫወቻዋ ትልቁን ቁጥር ጥጓ ላይ ትይዛለች፤ እሱ ግን አላመናትም መሰል፣ የጓዳው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ጋዜጣ፣ የአንድ ስብሰባ ፎቶ ሥር፣ በእርሳስ ጻፈው። 612፣ ሣህሉ።

አደይ ተራ አይደርሳትም። በሁለት ዓመት ታንሰዋለች፣ ደግሞም ሴት ናት።

«ሴት ተኩስ አትችልም። ሃምሳ አለቃውን በከንቱ ታስገድይብኛለሽ» ይላታል።

«አንተስ ሒሳብ ትችላለህ?»

እንዲህ ሲባባሉ ነው የሚውሉት። እና ታኅሣሥ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ የመጣው ነገር መጣ። ልጆቹ ተራ መጠበቅ ሰልችቷቸው በራቸው ላይ ባለው የቦይ ድልድይ የሃምሳ አለቃውን ጨዋታ በራሳቸው ጀመሩ፤ አንዱ ድልድዩ ላይ ይቆማል፣ ሌሎቹ ከግንቡ ላይ ይዘላሉ፣ ጥይቱ በወንጭፍ የሚወረወር ጠጠር ነው። አንዷ ጠጠር የየብርጓልን ትንሽ ልጅ ቅንድቡ ላይ አገኘችው። ለዓይኑ አንድ ጣት ቀርቷታል። ደሙ ሲፈስ ሰፈሩ ተገለበጠ።

ሣህሉ እዚያ አልነበረም። ጓዳ ነበር፣ መጫወቻዋን ይዞ። አደይ ይህን ታውቃለች፣ ምክንያቱም ትከሻው ላይ ተንጠልጥላ «ይኸው ሞተ፣ አሁን የእኔ ተራ ነው» ስትለው የነበረችው እሷ ናት። ሞተ፣ አልሰጣትም። ደግሞ ሞተ፣ አልሰጣትም። ዓይኖቿ በንዴት እንባ ሞልተዋል። አባቷ ከፋብሪካ ፈረቃው ወጥቶ፣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ በር ላይ ደሙን አይቶ «ይህን ማን አስተማራቸው?» ሲል፣ አደይ ነች የመለሰችው።

«ሣህሉ ነዋ። እሱ ነው ወንጭፉን አስይዞ ያሰለፋቸው።»

በቃ። አንድ አረፍተ ነገር። ሣህሉ እንኳን አልተከራከረም፣ ምን እንደተባለ ሳይሰማ ነው ጥፊው የደረሰው፣ ቀና ብሎ ያያት እሷን ነው።

እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ ዳኘው፣ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ አሁንም ሲናገር አየር ላይ የሚለካ የሚመስል ሰውዬ፣ አጀንዳውን አነበበ፦ የወላጆች ኃላፊነት። የብርጓል ልጇን አቁማ ፋሻውን አሳየች። ልጆች በመስታወት ውስጥ ሰው መግደል እየተለማመዱ ነው፣ ነገ ምን ሊሆኑ ነው አለች። እውነቷን ነበር የምትናገረው፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ አዘዘ ተነሣ። የልጅ ጥፋት የአባት ነው፣ እኔ ቤት ስለማልውል ነው፣ ዕቃውን ራሴ አስረክባለሁ ብሎ ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አስቀመጠው። ተጨበጨበለት። ከሰው ሁሉ እሱ ኃላፊነቱን የተወጣ አባት ሆነ፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ተጻፈ።

ዳኘው መጫወቻዋን አገላብጦ ከጀርባዋ ያለውን የባዕድ ፊደል አየና ኢምፔሪያሊስቶች ሕፃናትን የሚመርዙበት መሣሪያ ነው ብሎ ጀመረ። አዘዘ ቀስ ብሎ «ሩሲያ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለው።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ዳኘው አሳለ። «የወዳጅ አገርም ቢሆን ይመረመራል» አለና ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈባት።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ክንዱ የሚባለው ልጅ መጣ።

የሰፈር ልጅ ነው፣ ከሣህሉ ጋር በአንድ ቀን ለጦር የተወሰደ። የግራ እጅጌው ባዶ ነው፣ በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ ተይዟል። መርዶውን ይዞ የመጣው እሱ ነው፣ ግን እንደ ወጉ ለእድሩ ዳኛ ነግሮ ቤቱ ገብቶ ቀረ፤ ዛሬ ነው ፊታቸውን ለማየት የደፈረው። ለመሳም ሲጎነበስ ባዶው እጅጌ ተፈትቶ የእናትዓለምን ጉልበት ነካ፣ እሷም አንሥታ መልሳ ቆለፈችለት።

አዘዘ አጠገቡ አስቀመጠው። አደይ ቡና እየቀዳች ጆሮዋ እዚያ ነው። ክንዱ የሚያወራው ስለ ዝናብ፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ መንገዱ ነበር፣ የሚያስፈራውን ቦታ እየዞረ። አዘዘ ግን አንድ ነገር ፈልጓል።

«ሣህሉ ተኩሶ ያውቃል?»

«አንድም አልተኮሰ፣ ጋሽ አዘዘ። መኪና ላይ እያለን ነው የሆነው። ማሠልጠኛ ጠመንጃ ሲሰጡን ይህማ ከባድ ነው ብሎ አሳቀን። ምላጩን እንደ መጫወቻው በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈልገው።»

አዘዘ የራሱን አውራ ጣት አየው፣ ከዚያ እጁን ጨበጠ።

ከዚያ ክንዱ ማንም ያልጠየቀውን ነገረ፤ ምናልባት ለመናገር ነው የመጣው። የተወሰዱ ዕለት፣ ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ገና ሌሊቱ ሳይለቅ ልጆቹን ለዘመቻ ከየቤታቸው ለቅመው ቀበሌ አዳራሽ አስገቧቸው፣ አሥራ አንድ ነበሩ። ዘበኛው አሥራ ሁለት ነው የተባልነው፣ አሥራ ሁለት ነው እያለ ይዞራል። ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ፣ ሣህሉ ገባ፣ ፀጉሩን አበጥሮ።

«ዕቃዬን ልወስድ ነው አለ። ጓድ ዳኘው ቅዳሜ ና ብሎኛል አለ። ዘበኛው እሺ ግባ አለው፣ በሩን ዘጋው።»

እናትዓለም ሰምታለች፣ ሁሉም ሰምቷል። አደይ ቡናውን ከስኒው በላይ ቀድታ ቀድታ ትሪው ሞልቷል።

ልጄ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው ብሎ አዘዘ ያን ሰሞን ያልረገጠው በር የለም። ልጆቹን ካሰባሰቡበት መጋዘን በር የክርስትናውን ወረቀት ይዞ ሦስት ቀን ቆሟል። ጥበቃው ወረቀቱን ሳያነብ፣ ልጅዎ ረጅም ነው፣ አለው። በአራተኛው ቀን መጋዘኑ ባዶ ነበር፣ በሩ ላይ የሙዝ ልጣጭ ብቻ።

ክንዱ ከወጣ በኋላ ሹክሹክታው ተነሣ። አደይ ስኒ ልታጥብ ከድንኳኑ ጀርባ ብትሄድ በሸራው ውስጥ ሁሉም ይሰማል። የብርጓል ናት፦ ያ የነጭ ዕቃ ነው የበላው፣ እኔ ያኔውኑ ብያለሁ። ሌላዋ፦ ዕቃው ምን አደረገ፣ በእጁ ወስዶ ያስረከበ አባቱ አይደል? ሦስተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መጫወቻውን ልጅ ያባልጋል ብለው ነጥቀው ልጁን… አለችና አልጨረሰችውም። አንዷ «በሉ እሱን ተዉት» አለች። ከዚያ ስለ ንፍሮው ጨው ማውራት ጀመሩ።

እናትዓለም መርዶው ከተነገራት ጀምሮ ለአዘዘ አንድ ቃል አልተናገረችም። ውኃ ሲያቀብላት በአደይ በኩል ትቀበላለች። ሰው ሁሉ አይቶታል፣ ሰው ሁሉ የተረዳው በአንድ መንገድ ነው፣ አስረካቢው እሱ ነዋ። አዘዘም እንደዚያው ነው የተረዳው፤ ድንኳኑ ውስጥ ቦታ እያለ ዝናብ የሚያንጠባጥብበት ጠርዝ ላይ ነው የሚቀመጠው። አደይ ሲያንጠባጥብበት ታያለች። ተነሥታ፣ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ውሸቴን ነው፣ ሣህሉ ያኔ ጓዳ ነበር ማለት ትችላለች እኮ። አፏ ድረስ ይመጣል። ነገ ሠልስት ነው፣ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ሰው ይበተናል፤ ያኔ እናትና አባቷ በዚያች ቤት በዚህ ዝምታ ይቀራሉ፣ ምናልባት ለዘላለም። ግን ብትናገርስ? ያ ዝምታ ዞሮ ወደ እሷ ቢመጣስ? አንድ ልጅ ቀርታቸዋለች፣ እሷም ይህች ሆና ብትገኝስ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዘዘ ከሣህሉ የጂኦግራፊ ደብተር ከኋላ አንድ ገጽ ቀደደና ማመልከቻ ጻፈ። ጉዳዩ፦ ለልቅሶ የሚሆን ዕቃ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ። የፋብሪካ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ቀበሌ ሄደ። ባዶ እጁን ሲመለስ ጸሐፊው ያለውን ለእድሩ ዳኛ ሲነግር አደይ ሰማችው፤ በምርመራ የተያዘ ዕቃ የሚመለስበት ምክንያት በመዝገቡ ላይ ተዘርዝሯል፣ ልቅሶ የሚል የለበትም። ቁልፉም ሊቀመንበሩ ጋ ነው። አዘዘ ሲናገር አልተቆጣም። የሰማውን እንደ መልእክት አደረሰና ሄዶ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፣ ዝናቡም ተቀበለው።

ያኔ ነው አደይ ያልቻለችው። እናቷ ፊቷን ልትታጠብ ጓዳ ገብታ ነበር፣ ተከትላት ገባች። እናትዓለም ሳፋው ላይ አላጎነበሰችም፣ ግድግዳው ፊት ቆማለች፣ ግንባሯን ጋዜጣው ላይ አስደግፋ። ግንባሯ ያረፈው 612 ላይ ነው።

«እማ፣ ያን ቀን ሣህሉ ከእኔ ጋር ቤት ውስጥ ነበር። ልጆቹን እሱ አላሰለፋቸውም። ለአባባ የነገርሁት ውሸቴን ነው። ተራ ስላልሰጠኝ ነው።»

ተናገረችው። ሰማይ አልተደፋም። እናቷ ግንባሯን ከግድግዳው አላነሣችም፣ ውጭ አገርነሽ ስታስነጥስ ይሰማል። አደይ ዱላውን ጠበቀች፣ እርግማኑን ጠበቀች፣ ወይም ማቀፉን፣ አንዱን።

«ተኝቶ ነበር» አለች እናትዓለም ለጋዜጣው። «ስምንት ቀን ሙሉ አኩርፎ እህል አልቀመሰም። ቅዳሜ ተኝቶ ነበር። ዳኘው ቀጥሮህ የለ፣ ተነሥና ዕቃህን አምጣ ብዬ የቀሰቀስሁት እኔ ነኝ። ፀጉሩን ያበጠርሁለት እኔ ነኝ።»

አደይ ስትናገረው ይቀለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም። ሸክሙ ከእሷ ላይ አልወረደም፣ እናቷም የራሷን አላወረደችም። አባቷም ውጭ የእሱን ይዞ ተቀምጧል። እናትዓለም በነጠላዋ ጫፍ የአደይን አፍንጫ ጠረገችላት፣ እንደ ሕፃን፣ ጠበቅ አድርጋ። ወጡ።

ከሰዓት፣ ወንዶቹ የድንኳኑን ካስማ ሊነቅሉ ሲዘጋጁ፣ ጓድ ዳኘው መጣ። የዝናብ ልብስ ለብሷል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት፣ እሱ ግን መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። «ያጥናችሁ» አለ፣ ማን እንደሚያጥናቸው ሳይናገር። ቡና አቀረቡለት፣ ይዞት ቆየ እንጂ አልጠጣም። በመጨረሻ አዘዘን ሳያየው ተናገረ።

«ቅዳሜ ና ያልሁት ማክሰኞ ነው፣ አዘዘ። የዘመቻው ትእዛዝ የደረሰኝ ዓርብ ማታ ነው።»

«መልሰህ ልትልከው ትችል ነበር፣ ዳኘው» አለ አዘዘ። ጓድ አላለውም። ሰዎቹ ወደ መሬት አዩ።

ዳኘው ስኒውን አዞረው። ሲመልስ ድምፁ እንኳን የእሱ አይመስልም ነበር።

«አሥራ አንድ ነበሩኝ።»

አዘዘ ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ የማይጠገን ነው ሲባል እንደሚያደርገው። ዳኘው ከዝናብ ልብሱ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና መደቡ ላይ አስቀመጠ። አብሮ ደግሞ ሌላ ነገር አወጣ፣ የርክክብ መዝገብ፣ ካርቦኑ እንደገባበት።

«ፈርምልኝ። ካልፈረምህ ለእኔም…» አለና ተወው።

አዘዘ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ጫፉ ወረቀቱ ላይ አንድ ነጥብ ሠርቶ ቆመ። ነጥቧ እየሰፋች ሄደች። ድንኳን ሙሉ ሰው ያያል።

«ፈርምለት፣ አዘዘ» አለች እናትዓለም።

በሦስት ቀን ውስጥ ለእሱ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። አዘዘ ዞሮ አያት፣ ዓይኖቿ ቀይ ናቸው፣ ግን እያየችው ነበር፣ እሱን፣ ፊት ለፊት። ፈረመ።

ጋዜጣውን የፈታችው አደይ ናት። መጫወቻዋ ያቺው ናት፣ ጥጓ ላይ የሣህሉ የጥርስ ምልክት አለ። ግን የቀኙ ቁልፍ ቀለሙ ተልጦ ነጥቷል፣ ያኔ እንዲህ አልነበረም። ባትሪዋ ደግሞ ስትያዝ እየደከመ ነበር። አደይ ቀዩን ተጫነች፣ ቦግ አለች፣ አዲስ ባትሪ። ጥጓን አየች። 840 ይላል።

ባትሪ ሲቀየር ቁጥሩ ይጠፋል። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት የለም።

ቀና ስትል ዳኘው እያያት ነው። ፊቱ አመድ ሆነ። «ቤት ልጆች አሉ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ። የሚያስቆጣ ነገር ነበር፣ አደይ ግን ንዴቷን ብትፈልገው አጣችው። ልጆቹን ታውቃቸዋለች፤ ትልቁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ እሱም ረጅም ነው።

አገርነሽ ከወደ ምሰሶው ጠጋ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ደብተርና እርሳስ ስታለቅስ ከርማ ድምፅዋ ሻክሯል።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የሚወደው» አለች አደይ።

አገርነሽ መጫወቻዋን አየቻት። ለዚህ የሚሆን ግጥም አልመጣላትም። ሄዳ እንደ ማንኛዋም ሴት ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች።

መጫወቻዋ ግን ተከፍታለች። አደይ ሹራቡ ላይ፣ ደረቱ ይሆን የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። ቲት ቲት ማለት ጀመረች፣ ሃምሳ አለቃው ድልድዩ ላይ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል፣ ወታደሮቹ ከላይ መውረድ ጀምረዋል፣ ቁልፉን የሚነካ የለም። እናትዓለም በጉልበቷ ተጠግታ ጎነበሰችባት። ስምንት ዓመት የሩሲያ ልብስ አጥባ፣ ራሷ ያመጣችውን ዕቃ አንድ ቀን አጎንብሳ አይታው አታውቅም።

«የትኛው ነው እሱ?» አለች።

አደይ ትንሹን ጥቁር ሰውዬ በጣቷ አሳየቻት። የመጀመሪያው ወታደር ሊደርስበት ነው። አንዴ ተመታ፣ ተንበረከከ። እናትዓለም ቁልፍ አልነካችም፣ የቱ ምን እንደሚያደርግም አታውቅም። ሳሙና የሰነጠቀውን መዳፏን ዘረጋችና መስታወቱን ከላይ ሸፈነችው፣ የሕፃን ራስ ከዝናብ እንደሚሸፈነው።

ከመዳፏ ሥር ቲት ቲት ይላል። ሁለተኛው ተሰማ። ወንዶቹ ካስማውን ይዘው ቆመዋል፣ የሚነቅል የለም። ሦስተኛውም ተሰማ፣ ከዚያ ያቺ አጭር ዘፈን፣ ታፍና፣ ከጣቶቿ መካከል።

ዘፈኗ አለቀች። እናትዓለም እጇን አላነሣችም።